ስለ ሴት ልጅ የንባብ ሰዓት

«ሴቶቻችን ስለ ምን ጥቂት ይጽፋሉ?» እየተባለ በየጉባኤው ይጠየቃል። አንዳንዱም ችሎታ ቢያንሳቸው ነው ብሎ ለመደምደም ይደፍራል። ይህ አባባል ስንፍና እንጂ ምርምር አይደለም።

ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን እንመልከት። በ1942 ዓ.ም. «የልቤ መጽሐፍ»ን ያሳተሙት በችሎታ ብቻ አይደለም፤ አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ቋንቋ ዐዋቂና የተማሩ ሰው ስለ ነበሩ ልጃቸውን እስከ ስዊስ አገር ልከው አስተምረዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1957 ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ሲመረጡ ብዙ ሰው ተደነቀ፤ አባት ለልጃቸው የሰጡትን ጊዜ ግን ያሰበ ጥቂት ነው።

ወደ ዓለም ከተማ እንምጣ። ከጀማ ሸለቆ ወንድምና እኅት ለትምህርት ይመጣሉ፤ አንዲት ክፍል ይከራያሉ፤ ቅዳሜ ስንቅ ሊያመጡ ይወርዳሉ። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ወንድም መጽሐፉን ይገልጣል፤ እኅት ግን ውሃ ትቀዳለች፤ ሽሮ ትሠራለች፤ የእርሱንም ልብስ ታጥባለች። መጽሐፍ የምትይዘው ዓይኗን እንቅልፍ ካሸነፈው በኋላ ነው። ወላጆችም «ሁለቱንም እኩል አስተምረናል» ይላሉ! (እውነቱን ለመናገር፣ እኩል የሆነው የቤት ኪራዩ ብቻ ነው።) ይህችው ልጅ በሰልፍ ሜዳ ግጥሟን ስታነብ እናጨበጭባለን፤ ማታ ድስት ታጥብ ዘንድ እናሰናብታታለን።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፣ ጭብጨባው ይቆየንና፣ ከትምህርት በኋላ ለልጃገረዶች አንድ ክፍል ለአንድ ሰዓት ክፈቱላቸው። ወላጅም ወንድ ልጁን ሽሮ መሥራት ያስተምረው፤ እጁ አይሰበርም።