ሲሠራ ስለ ቆየ ሥራ፤ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚነገር

ለቤተ ሰብ የሚጠቅመውን ነገር በየሳምንቱ በዚህ ዐምድ እናቀርባለን። ዛሬ የምንጽፈው በተማሪዎችም በወላጆቻቸውም ዘንድ ብዙ ስሕተት ስለሚታይበት ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ግሥ አካሄድ ነው፤ ይኸውም አስቀድሞ ተጀምሮ ሳይቋረጥ የቆየውን ሥራ የሚናገረው ግሥ ነው። ነገሩ የትምህርት ቤት ጥቃቅን ሰዋስው ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር እስከ መጨረሻው ታግሦ ያንብብልን። በአንዲት ቃል ጉድለት የሰው እንጀራ የሚቀርበት፣ የሚኖርበትም ቤት እንደ ለቀቀው የሚቈጠርበት ጊዜ አለና። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር መጻፋችንን አንባቢ ይወቅልን።

በአገራችን ትምህርት ቤቶች ከጠላት ወረራ በፊት የሚበዛው የውጭ አገር ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። ከ1941 ዓመት ወዲህ ግን እንግሊዝኛ ስፍራውን ወሰደ። በ1994 የወጣውም የትምህርት ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንዲጠና፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትም በርሱ እንዲሰጥ ወሰነ። በሰሜን ተራሮች ግርጌ ባሉት በዳባትና በደባርቅ ደግሞ እንግሊዝኛ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ገበያ ገብቶአል። ተራሮቹ በ1978 ከዓለም ቅርስ መዝገብ የተጻፉ ናቸው፤ ዋልያና ጭላዳ ለማየት የሚመጣውም እንግዳ መሪውን የሚቀጥረው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ካለበት ከደባርቅ ነውና።

እንግዲህ አንድ የደባርቅ ጐልማሳ በ2018 መንገድ መምራት ጀምሮ ዛሬም በዚያው ሥራ ላይ ያለ እንደ ሆነ እናስብ። ወደ ውጭ አገር ስለ ሥራ ሲጽፍ «አይ ወርክድ አዝ ኤ ጋይድ ፎር ሜኒ ይርስ» ቢል፣ አንባቢው «ብዙ ዓመት ሠርቶ ትቶታል» ብሎ ወረቀቱን ወደ ጎን ያኖረዋል። አማርኛውን «ከ2018 ጀምሮ እየሠራሁ ነው» የሚለውን ቃል በቃል ተከትሎ «አይ አም ወርኪንግ ሲንስ 2018» ቢል ደግሞ ነገሩ ይገባል፤ ነገር ግን ቋንቋውን በሚገባ እንዳልተማረ ይታወቅበታል። የቀናው አነጋገር «አይ ሃቭ ቢን ወርኪንግ አዝ ኤ ጋይድ ሲንስ 2018» ነው። ይህ አንድ ቃል ሦስት ነገር ይናገራል፤ ሥራው ቀድሞ መጀመሩን፣ ሳይቋረጥ መቆየቱን፣ እስከ ዛሬም መድረሱን።

ይህ አካሄድ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ሊሆን አይገባውም። በእርባ ግሥ የተማርናቸው የቅርብ ኀላፊና የሩቅ ኀላፊ አሉን። ከዚህም በላይ እንግሊዝኛ የሌለው ሀብት አለን፤ የቀን ሥራ ሲሆን «ሲሠራ ውሎአል»፣ የሌሊት ሲሆን «ሲሠራ አድሮአል»፣ የጥቂት ቀን ሲሆን «ሰንብቶአል»፣ የወራት ሲሆን «ከርሞአል»፣ የዕድሜ ሲሆን «ኖሮአል» እንላለን። እንግሊዝኛ ለነዚህ ሁሉ ያለው «ቢን» የምትባለው አንዲት ቃል ናት፤ የጊዜውን ርዝመት ከዐረፍተ ነገሩ ጫፍ ላይ ለብቻው ይጨምራል። ስለዚህ ተማሪው አሳቡን በልቡ በአማርኛ ሲያዘጋጅ «እየሠራሁ ነው» በማለት ፈንታ «ስሠራ ቆይቻለሁ» ወይም «ስሠራ ኖሬአለሁ» ብሎ ቢጀምር እንግሊዝኛው ራሱ ይመራዋል።

ፊተኛው ዐይነት «ሃቭ ቢን» ወይም «ሃዝ ቢን» ሲሆን እስከ አሁን ለደረሰ ሥራ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዳባት ወረዳ ባቋቋመው የጥናት ማእከል ከ1996 ጀምሮ የነዋሪዎችን ልደትና ሞት ሲመዘግብ ኖሮአል፤ ይህን በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው «ሃዝ ቢን ሬከርዲንግ ሲንስ 1996» ይላል። «ሲንስ» የሚያያዘው ከመነሻው ጋራ ነው፤ ከጧት፣ ከሰኞ፣ ከ1996 ለማለት። «ፎር» ግን የጊዜውን ልክ ይናገራል፤ ለሁለት ሰዓት፣ ለዐሥር ዓመት ለማለት። በአማርኛ «ከሁለት ዓመት ወዲህ» ስለምንል ብዙ ሰው «ሲንስ ቱ ይርስ» ብሎ ይሳሳታል። ደግሞም ሥራው ቆሞ ምልክቱ ገና ከታየ ይኸው አካሄድ ይገባል። በክረምት ጧት የደባርቅ ሰማይ ጠርቶ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ቢገኝ እኛ «ሲዘንብ አድሮአል» እንላለን፤ እንግሊዙም «ኢት ሃዝ ቢን ሬይኒንግ» ይላል።

ሁለተኛው «ሃድ ቢን» ነው። ይህም ሌላ ያለፈ ነገር እስኪደርስ ድረስ ሲደረግ ለቆየ ሥራ ነው። ለዚህ ከሰሜን ተራሮች የሚበልጥ ምሳሌ አናገኝም። ፓርኩ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተራ ተጻፈ፤ ካስጨነቁትም ነገሮች አንዱ በውስጡ የበዛው እርሻና ግጦሽ ነበር። በ2016 የግጭ መንደር ሰዎች ከተራራው ወርደው ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ በ2017ም ፓርኩ ከዚያ መዝገብ ወጣ። ስለ ግጭ ሰዎች «ዘይ ሃድ ቢን ሊቪንግ ኦን ዘ ማውንቴን ፎር ጀነሬሽንስ ዌን ዘይ ዌር ሙቭድ» ብሎ የጻፈ ሰው፣ እስከ ተነሡባት ቀን ድረስ ትውልድ በትውልድ ላይ ሲኖሩ መቆየታቸውን መሰከረላቸው። «ሃቭ ቢን ሊቪንግ» ያለ እንደ ሆነ ዛሬም በተራራው ላይ ያሉ ያስመስላል። ከዚያ በኋላ ስላለው ኑሮአቸው ግን «ዘይ ሃቭ ቢን ሊቪንግ ኢን ደባርቅ ሲንስ 2016» ይባላል። አንድ ቤተ ሰብ፣ ሁለት አነጋገር፤ «ሃድ» የለቀቁትን፣ «ሃቭ» የያዙትን ቤት ይነግረናል።

እዚህ ላይ «ነበር» የምትለው ቃላችን እንዳታስት መጠንቀቅ ያሻል። «ትናንት ጎንደር ሄጄ ነበር» ስለምንል «አይ ሃድ ጎን ቱ ጎንደር የስተርዴይ» የሚል ብዙ ነው። ከርሱ በኋላ የተደረገ ሌላ ያለፈ ነገር ካልተነገረ ግን እንግሊዝኛው «አይ ዌንት» ብቻ ነው።

ሦስተኛው «ዊል ሃቭ ቢን» ሲሆን ወደ ፊት ባለ አንድ ቀን ቆሞ ወደ ኋላ እንደ መቍጠር ነው። የዳባቱ ምዝገባ ካልተቋረጠ በ2036 አርባ ዓመት ይሆነዋል፤ «ባይ 2036 ኢት ዊል ሃቭ ቢን ጎይንግ ኦን ፎር ፎርቲ ይርስ» ማለት ነው። ይህ እምብዛም አያጋጥምምና ከዚህ በላይ አናስረዝመውም።

ደግሞ ይህ አካሄድ የማይስማማቸው ግሦች አሉ፤ ማወቅ፣ መውደድ፣ የራስ ገንዘብ አድርጎ መያዝ የመሳሰሉት ናቸው። እኛስ ሰውን «ሳውቀው ዋልሁ፤ ሳውቀው አደርሁ» እንላለንን? አንልም። እንግሊዙም «አይ ሃቭ ኖውን ሂም ፎር ቴን ይርስ» ይላል እንጂ «ቢን ኖዊንግ» አይልም። ሥራው ተቈጥሮ ያለቀ እንደ ሆነም እንደዚሁ ነው። «ደብዳቤ ስጽፍ ዋልሁ» ሲሆን «አይ ሃቭ ቢን ራይቲንግ ሌተርስ»፤ «ሦስት ደብዳቤ ጽፌአለሁ» ሲሆን ግን «አይ ሃቭ ሪትን ስሪ ሌተርስ» ይባላል።

ስለዚህ ነገር ይህን ያህል መድከማችን ስለ ምን እንደ ሆነ ጽሕፈትና ዳኝነት የሚያውቅ ሰው አይስተውም። ባላገር ዳኛ ፊት ቀርቦ «ይህን መሬት አርሰው ነበር» ቢል «ዛሬስ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ «ሳርሰው ኖሬአለሁ» ሲል ግን እስከ ዛሬ በእጁ መቆየቱን ቃሉ ራሱ ይመሰክርለታል። በእንግሊዝኛ በሚሞላ ወረቀት ላይ ግን «ዛሬስ?» ብሎ የሚጠይቅ ዳኛ የለም። የትግራይ ጦርነት በ2020 ከተነሣ ወዲህ በዳባት አጠገብ በዓለም ዋጭ የተጠለሉ ኤርትራውያን ስደተኞች አሉ። እንዲህ ያለ ሰው ወረቀቱን ሲሞላ «አይ ሊቭድ ኢን ዳባት» ቢል ከዳባት የወጣ ይመስላል፤ «አይ ሃቭ ቢን ሊቪንግ ኢን ዳባት» ቢል ግን በዚያው እንዳለ ይታወቅለታል። ወረቀቱን የሚመረምረው ሰው በሩቅ አገር ተቀምጦ የሚያየው ፊደሉን ብቻ ነውና የቀረችውን ቃል የሚሞላለት የለም።

የቤት አባትና የቤት እመቤት እንግሊዝኛ ባያውቁም ልጆቻቸውን በዚህ ሊረዱ ይችላሉ። ማታ እራት ሲጠበቅ እያንዳንዱ ሰው ሲሠራ የዋለውን በአማርኛ ይናገር፤ አባት ገብስ ሲያጭድ ውሎአል፣ እናት እንጀራ ስትጋግር ውላለች፣ ትንሹም ልጅ በግ ሲጠብቅ ውሎአል። ከዚያ በኋላ ተማሪው ሦስት ጥያቄ ይጠየቅ፤ መቼ ተጀመረ? እስከ ምን ድረስ ቆየ? አሁንስ አለ ወይስ ቀርቶአል? ሦስቱን ለይቶ ከመለሰ በኋላ እያንዳንዱን በእንግሊዝኛ ይበል፤ «ፋዘር ሃዝ ቢን ሃርቬስቲንግ ባርሊ ሲንስ ሞርኒንግ» እያለ ይቀጥል። በየማታው ሦስት ዐረፍተ ነገር ቢለማመድ በአንድ ወር ዘጠና ይሆንለታል። ሥራ ፈልጎ ወይም መብቱን ሊያስከብር በሚጽፍበትም ቀን፣ የያዘውን ነገር እንደ ለቀቀ አድርጎ ከመጻፍ ይድናል።