ስሙን እስከ መጨረሻው እንጠይቅ!

ለአንጀት ይጠቅማል ተብሎ በሚሸጥ የባክቴሪያ እንክብል ላይ «ላክቶባሲለስ» የሚል ስም ብቻ ማየት በቂ አይደለም። የአንድ ዝርያ ባክቴሪያዎችም ስትሬይን በሚባሉ ወገኖች ይከፈላሉ፤ ጠባያቸውም ይለያያል። ኢ.ኮላይን ብንወስድ፣ ኒስል 1917 የተሰኘው በጀርመን ለትልቁ አንጀት ቁስለት ሕክምና ሲውል፣ ኦ157 ኤች7 ግን ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያመጣል። ሁለቱን በማይክሮስኮፕ አይቶ መለየት አይቻልም።

ላቦራቶሪ ውስጥ ዲ.ኤን.ኤያቸው በኢንዛይም ተቆርጦ በጄል ላይ በኤሌክትሪክ ሲሄድ፣ እንደ ጣት አሻራ የሚለያዩ መስመሮች ይወጣሉ። ዛሬ ደግሞ ዲ.ኤን.ኤውን ሙሉ በሙሉ ማንበብ ይቻላል። የዓለም የጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት ባለሙያዎች በ2002 እ.ኤ.አ. የስትሬይኑ ስም በማሸጊያው ላይ እንዲጻፍ መክረዋል።

እኛም ስንገዛ እንጠይቅ፤ በጥናት የተረጋገጠው ጥቅም የዚያ ስትሬይን እንጂ የዘመዶቹ ሁሉ አይደለምና።