ቡቃያ በጫጨ ቁጥር ዘሩን ብቻ አንውቀስ

ቡቃያ ሲጫጭ ወይም ሲገረጣ በየገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ በመጀመሪያ የሚወቀሰው ዘሩ፣ ቀጥሎም ማዳበሪያው ነው። በሥሩ ዙሪያ የሚኖሩትን፣ በዓይን የማይታዩትን ባክቴሪያዎች ግን የሚያነሳቸው የለም። ዛሬ ባክቴሪያ በጠርሙስና በከረጢት ተሞልቶ ለገበያ የሚቀርብበት ጊዜ በመሆኑ፣ ነገሩ የገበሬውን ኪስ የሚነካ ሆኗል። ስለዚህ የማኅበር መሪዎች ጠንቅቀው ሊያውቁት ይገባል።

ነገሩ የሚጀምረው ከብረት ነው። ቡቃያ ቅጠሉ አረንጓዴ እንዲሆን ጥቂት ብረት ያሻዋል። ብረት በአፈር ውስጥ ሞልቷል፤ ቀይ አፈርን ያቀላውም እርሱ ነው። ሆኖም ዝናብ የመታው ማረሻ ላይ የሚወጣው ዝገት በውሃ እንደማይሟሟ ሁሉ፣ የአፈሩም ብረት፣ በተለይ ኖራ በበዛበት መሬት፣ በቀላሉ አይሟሟም። በመሆኑም በአፈር ውስጥ ሕይወት ያለው ሁሉ ብረትን ይሻማል።

በዚህ ሽሚያ ከሚቀናቸው መካከል ፕሱዶሞናስ የተባሉት ባክቴሪያዎች ይገኛሉ። ከሥሩ የሚወጣውን ስኳርና ሌላ ምግብ እየተመገቡ በሥሩ ላይ ይሰፍራሉ። ብረትን አጥብቆ የሚይዝ ንጥረ ነገር ወደ አፈሩ ይለቁና ብረቱን እንደያዘ መልሰው ይወስዱታል። ቡቃያን የሚያቀጭጩ ሌሎች ተሕዋስያን ብረት ሲያጡ ይዳከማሉ፤ ሥሩም እፎይ ብሎ ያድጋል።

በአሜሪካ አገር፣ በካሊፎርኒያ፣ ጆሴፍ ክሎፐርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጡት ጥናት፣ ባክቴሪያው ቀርቶ ከእርሱ የተጣራው ንጥረ ነገር ብቻ እንኳ የድንችን እድገት እንደሚያፋጥን አሳይተዋል። ብረት ሲጨመርበት ግን ጥቅሙ ጠፋ። ጥቅሙ የመጣው ከብረት ሽሚያው መሆኑ በዚህ ታወቀ። በመስክ ሙከራም ምርት እስከ 144 በመቶ መጨመሩ ተገልጿል።

ይሁን እንጂ «እስከ» የምትለዋን ቃል መሪዎች ልብ ሊሏት ይገባል። በአንድ ማሳ የተገኘ ከፍተኛ ውጤት በሌላው ላይደገም ይችላል። ከእነዚሁ ባክቴሪያዎች መካከል ሲያናይድ የተባለውን መርዝ እያመነጩ ቡቃያን የሚያጫጩም አሉ። ከዚህም በላይ ባክቴሪያ ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነ ፀሐይ ላይ የዋለ ወይም ጊዜው ያለፈበት ዕቃ ፋይዳ የለውም። ለባቄላና ለአኩሪ አተር የሚሰጠው ራይዞቢየም ሥራው ናይትሮጅንን ከአየር መያዝ ነውና፣ ሁለቱን ማምታታት አይገባም።

እንግዲህ ማኅበሩ ምን ያድርግ? አንደኛ፣ ሻጭ ሲመጣ ለየትኛው ሰብልና ለየትኛው አፈር እንደሆነ፣ መቼ እንደተመረተም ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ ከመግዛቱ በፊት በጥቂት አባላት ማሳ ላይ ይሞክር። ጎን ለጎን በሆኑ ሁለት መደቦች አንድ ዓይነት ዘር በአንድ ቀን ይዘራ፤ አንዱ ባክቴሪያ ይሰጠው፣ ሌላው ይቅርበት። ቡቃያው ይቆጠር፣ ምርቱም ይመዘን። ሦስተኛ፣ ቅጠሉ ይታይ። የለጋው ቅጠል ጅማት አረንጓዴ ሆኖ መሐሉ ቢገረጣ ብረት ማነሱን ሊያመለክት ይችላል፤ ከታች ያለው አሮጌ ቅጠል ቀድሞ ቢገረጣ ግን የናይትሮጅን እጥረት ሊሆን ይችላል። ውሃ የተኛበት ማሳ ከሆነ ደግሞ ከሁሉ በፊት ይጠንፈፍ።

ጠቃሚ ባክቴሪያዎች በየማሳችን ቀድሞውንም አሉ። ብስባሽ መጨመርና ሰብል ማፈራረቅ ለእነርሱ ምግብ ይሰጣል፣ የሥር በሽታንም ይቀንሳል። ይህን ሳያደርጉ ወደ ጠርሙስ መሮጥ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው። ሳይንሱ እውነት ነው፤ ዳኛው ግን ማሳው ይሁን።