ስልኩ ገበያ፣ አራሷ ጓዳ

እኛ ከተሜዎቹ ልጅ ትንሽ ሲያተኩሰው ስልክ እናነሳለን፤ ጎግል እናደርጋለን፣ ሐኪም ወዳጅ ካለን እንደውላለን። የገጠሯ አራስስ? እሷ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልጋት ሕፃኑ መታመሙን ማወቅ ነው።

ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ግን አይደለም። በጠና የታመመ ጨቅላ ብዙ ጊዜ አያለቅስም። ጡት አልይዝም ይላል፣ ይዝለፈለፋል፣ ገላው ይግላል ወይም ይቀዘቅዛል፣ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ቤተሰቡ ግን «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው፣ ዝም ብሎ ይተኛል» ሊል ይችላል። እስኪነቃ ሲጠበቅ ሰዓቱ ያልፋል።

ቁጥሩን እንየው። በአገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ1992 እስከ 2008 ዓ.ም. ድረስ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት ከ1000 ሕፃናት ከ166 ወደ 67 ወርደዋል። በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ግን የቀነሱት ከ49 ወደ 29 ብቻ ነው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና በሚነሱበት ቤት፣ እነዚህ ሕፃናት ለክርስትናቸው እንኳ አልደረሱም።

ታዲያ ሞባይል ምን ይፈይዳል? የጽሑፍ መልእክት ብቻ ከሆነ ብዙም አይፈይድም። በ2008ቱ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 48 በመቶው ትምህርት ቤት አልገቡም። ስልኩም ቢሆን ብዙ ጊዜ ባል ኪስ ውስጥ ነው፤ እሱ ገበያ ሲወጣ አብሮ ይወጣል። ስለዚህ የሚያስፈልገው በራሷ ቋንቋ፣ በነጻ የሚሰማ ድምፅ ነው፤ ባልና አማትም አብረው የሚያዳምጡት።

ይህ ደግሞ ህልም አይደለም። በ2006 ዓ.ም. በተጀመረው የ8028 መስመር ገበሬው እየደወለ ስለ ሰብሉ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ምክር መስማት ችሏል። ለጤፍ የተቻለ ለጨቅላ ሊያቅት አይገባም!

ይህን ስንል ስልክ ሐኪም ነው ማለታችን አይደለም። ስትደውል የምታነሳ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የሚደርስ አምቡላንስ፣ መድኃኒት ያለው ጤና ጣቢያ ከሌለ፣ ምልክቱን ማወቋ ጸጸት ብቻ ይሆንባታል። መስመሩን የሚዘረጋ ሁሉ ከመስመሩ ማዶ ማን እንዳለ አስቀድሞ ያስብ።

እስከዚያው እኛም ስልክ አለን። አገር ቤት የወለደች እህት ወይም ዘመድ ካለችን እንደውል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ካልን በኋላም አንድ ጥያቄ እንጨምር፦ «ጡት በደንብ ይጠባል?»