ድኃውን በከንቱ አናስለቅሰው

በዚህ መጽሔት እየወጡ ያነበብናቸው አጫጭር ልብ ወለዶች አብዛኞቹ ስለ ችግር የተጻፉ ናቸው። ተማሪ ስለ ወገኑ ችግር ማሰቡ የሚያስመሰግነው ነው። ነገር ግን ታሪኮቹ ሁሉ በአንድ ወፍጮ የተፈጩ ይመስላሉ። ዝናብ ይዘንባል፤ ድኃው ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር ይንቀጠቀጣል፤ ባለ መኪናው ጭቃ ይረጨዋል፤ ሲነጋ ሞቶ ይገኛል። ስሙ ማን እንደ ነበረ፣ ከየት አገር እንደ መጣ፣ ምን ሥራ ያውቅ እንደ ነበረ ግን አይነገረንም። ለምን ቢሉ፣ ደራሲውም አያውቀውምና።

ወቀሳው እኔንም ይጨምራል። አምና ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ ስለምትወርድ አንዲት ሴት ታሪክ ጽፌ ነበር። በሰፈራችን ለብዙ ዘመን እንጨት በመሸጥ ልጆቻቸውን ያሳደጉ አንዲት እናት አሉና፣ ደስ ይላቸዋል ብዬ አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፣ ሳበቃ፣

«ልጄ፣ ይቺ ሴትዮ ጫካ የምትገባው ብቻዋን ነው እንዴ? ጥበቃ ቢይዛት ማን ይለምንላታል? ሸክሙንስ ማን ያነሣላታል?» አሉኝ። ቀጥለውም «ደግሞ አቀበቱን ጽፈህ ቁልቁለቱን ተውከው። ጉልበት የሚፈታው ቁልቁለቱ ነው። ዕንባውንስ ከየት አመጣኸው? ተሸክሞ የሚያለቅስ የለም፤ ትንፋሹም አይበቃ። እኛ ከማረፊያችን ስንደርስ ሰው እያማን እንስቅ ነበር» አሉ።

ወረቀቴን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። እኔ ያስለቀስኳት ሴት ከእንጦጦ አልወረደችም፤ የወረደችው ከራሴ ኀዘኔታ ነበር።

«እንግዲያው ስለ ድኃ ለመጻፍ ድኃ መሆን ያስፈልጋልን?» የሚል ይኖራል። አያስፈልግም። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ በአምባሳደርነት ባሕር ማዶ ያገለገሉ ትልቅ ባለ ሥልጣን ነበሩ። ዳሩ ግን የተወለዱበትን ጎጃምንና ያለፉበትን የቤተ ክህነት ትምህርት ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ስለዚህ በመጽሐፋቸው ውስጥ ችግርም ሆነ ግፍ አገርና ስም አለው። በዛብህ የማንኩሳ ልጅ፣ ያውም የስለት ልጅ ነው፤ መከራው የሚመነጨው ከዚያው ከሚያምንበት ነገር ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ጨካኝ ናቸው፤ ጉራቸው ግን ያስቀናል። ባላገሩም ሁልጊዜ አንገቱን ደፍቶ አይኖርም፤ በአበጀ በለው እየተመራ አሻፈረኝ ይላል። ዲማን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ አንባቢ መጽሐፉን ሲዘጋ ከዚያ ደርሶ የተመለሰ ይመስለዋል።

ያ የጭሰኝነት ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. በወጣው የመሬት አዋጅ ቀርቷል። መጽሐፉ ክስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከተከሳሹ ጋር ባበቃ ነበር። ዛሬም የሚነበበው ሰዎቹ ሰዎች ስለ ሆኑ ነው።

ሌላው ወንድማችን ደግሞ «ቤት ሲቃጠል የገመዱንና የቁልቁለቱን ዓይነት ማን ይጠይቃል? የሚያስፈልገው አንባቢን መቀስቀስ ነው» ይለኛል። በዚህ አልስማማም። በደፈናው ድኃን አይቶ ያለቀሰ አንባቢ ዕዳውን የከፈለ ይመስለዋል፤ ሳንቲም ጥሎ እንደሚያልፍ መንገደኛ ዕንባውን ጥሎ ያልፋል። ሴትዮዋ ስንት ሰዓት እንደምትነሣ፣ ከማን እንደምትሸሽ፣ ሸክሟን በስንት እንደምትሸጥና ከዚያው ለማን እንደምታካፍል ያወቀ አንባቢ ግን ጥያቄ ይዞ ይነሣል። ጥያቄ ከዕንባ ይልቅ ዕድሜ አለው።

ደግሞም አንዘንጋ። ያስተማረን የዚሁ ሕዝብ ገንዘብ ነው። ችግሩን ሳናውቅ ጽፈን እኛ ብንሞገስበት፣ ከሸክሙ ላይ ሌላ ሸክም መጫን ይሆንብናል።

ስለዚህ ለጸሐፊ ጓደኞቼ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ከመጻፋችን በፊት ሄደን እንጠይቅ፤ ከጻፍን በኋላም ለባለ ጉዳዩ እናንብብለት፤ ሲስቅብን እንታረም። እኔም በበኩሌ ያንን ታሪክ እንደ ገና ጀምሬዋለሁ። ሲያልቅ ከአዘጋጁ አስቀድሜ የማነበው ለእኚያው እናት ነው።