የተማሪ ጽሑፍ አንባቢ ሲያገኝ

ባሕር ዳር፦ በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱ ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3 ነጥብ 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም 3 ነጥብ 2፣ በ2016 ዓ.ም 5 ነጥብ 4፣ በ2017 ዓ.ም ደግሞ 8 ነጥብ 4 በመቶ ኾኗል። መሻሻሉ አይካድም። ኾኖም በ2017 ዓ.ም ማለፊያ ነጥቡን ያገኙት 48 ሺህ 929 ተማሪዎች ሲኾኑ፣ ከ530 ሺህ በላይ የሚኾኑት ግን ከመስመሩ በታች ቀርተዋል።

ለዚህ ውጤት የሚጠቀሱ ምክንያቶች ብዙ ናቸው። የመምህራን እጥረት፣ የመጽሐፍ አለመዳረስ፣ በአማራ ክልልም የሰላም እጦቱ ያስከተለው የትምህርት መቋረጥ ከእነዚህ ይገኙበታል። ብዙም ያልተነገረለት ሌላ ጉዳይ ግን አለ። ተማሪው አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰሌዳ ማስታወሻ ሲገለብጥና ከአራት አማራጮች አንዱን ሲያከብብ ይቆያል እንጂ የራሱን ሐሳብ አደራጅቶ ለሌላ ሰው የሚጽፍበት ዕድል እምብዛም አያገኝም። ድርሰት ቢጽፍ እንኳ አንባቢው መምህሩ ብቻ ነው። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት ካደረገበት በኋላ ደብተሩ ይዘጋል።

በልዩ ልዩ ሀገራት መምህራን ጦማርን ወይም በተለምዶ «ብሎግ» የሚባለውን ወደ ክፍልና ወደ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ያስገቡት ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። ጦማር በኢንተርኔት ላይ በቀን ቅደም ተከተል የሚወጣ ጽሑፍ ሲኾን፣ አንባቢ ከሥሩ አስተያየት ይሰጥበታል። ቃሉ የግእዝ ነው፤ ትርጉሙም ደብዳቤ ማለት ነው። ደብዳቤ ደግሞ ተቀባይ ያሻዋል። የጦማር የማስተማር አቅምም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ጽሑፉን ጓደኛው፣ ወላጁና የሌላ ቀበሌ ተማሪ እንደሚያነበው የሚያውቅ ልጅ ከመላኩ በፊት ደግሞ ያነበዋል፤ ያልገባውን ይጠይቃል፤ የተሳሳተውን ያርማል። «ማርክ አገኝ ይኾን?» የሚለው ሥጋት «ይገባቸው ይኾን?» በሚል ጥያቄ ይተካል።

ይህ አሠራር ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በጎጃምና በዋድላ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ደቀ መዝሙሩ ብቻውን ገለል ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያም ወደ መምህሩ ቀርቦ በጓደኞቹ ፊት ይናገራል። መምህሩ ያርማል፤ የቀናውንም ያጸድቃል። የሌላውን ቅኔ መልሶ ማቅረብ ነውር በመኾኑ ሁልጊዜ አዲስ ነገር መፍጠር ግድ ነው። ሰሚ ባለበት መድረክ የራስን ሥራ ማቅረብ፣ መታረምና እንደገና መሞከር የሀገሪቱ ነባር የትምህርት ሥርዓት አካል ኾኖ ኖሯል። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን ከዚህ ልማድ ብዙም አልወረሰም።

በፈረንሳይም ተመሳሳይ ሐሳብ በገጠር ትምህርት ቤት ውስጥ ተፈትኗል። ሴለስታን ፍሬኔ የተባለ መምህር በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሳንባው በመቁሰሉ ረጅም ሰዓት ተናግሮ ማስተማር ይቸግረው ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920ዎቹ አነስተኛ ማተሚያ ገዝቶ ወደ ክፍሉ አስገባ። ልጆቹ ስለ መንደራቸውና ስለ ዕለት ሕይወታቸው የጻፉትን ራሳቸው ፊደል እየለቀሙ አተሙት። በሌላ የሀገሪቱ ጫፍ ከሚገኝ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ጋርም ይለዋወጡት ጀመር። ኢንተርኔት ያልነበረበት ጦማር ማለት ይቻላል። ዋናው ቁም ነገር መሣሪያው ሳይኾን ከጽሑፉ ማዶ ያለው አንባቢ መኾኑን ያሳያል።

ኢትዮጵያ በትምህርት ቴክኖሎጂ ያለፈችበት መንገድም የሚያስተምረው አለ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የፕላዝማ ትምህርት በሳተላይት ለመላው ሀገሪቱ በተመሳሳይ ሰዓት ይሰራጭ ነበር። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ እየተሰጠ በራሱ ፍጥነት ሲነጉድ ተማሪው ተመልካች፣ መምህሩም በብዛት አጃቢ ኾኖ ቀርቷል። ጥያቄ ያለው ልጅ ቴሌቪዥኑን ማስቆም አይችልም ነበር። ዛሬ ወደ ትምህርት ቤቶች የሚገባው ኮምፒውተርና ታብሌትም ተማሪው የሚሰማበት ብቻ ከኾነ የዚያው ታሪክ ድግግሞሽ ነው። ልዩነት የሚያመጣው ተማሪው የሚናገርበት መሣሪያ ሲኾን ነው።

እዚህ ላይ የቤተ መጻሕፍት ድርሻ ይመጣል። በብዙ ትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍት ማለት አሮጌ የመማሪያ መጻሕፍት የተቆለሉበት፣ ብዙውን ጊዜም የተቆለፈ ክፍል ነው። ተማሪዎች የሚጽፉበት ትምህርት ቤት ግን የቤተ መጻሕፍቱም አገልግሎት ይለወጣል። ልጁ ስለሚጽፈው ጉዳይ ለማጣራት ወደ መጽሐፍ ይሄዳል፤ የጻፈውም ተጠርዞ በመደርደሪያው ላይ ይቀመጣል። የዘንድሮው የ7ኛ ክፍል ተማሪ የጻፈውን የሚቀጥለው ዓመት የ7ኛ ክፍል ተማሪ ያነበዋል። በራሱ ቋንቋ፣ ስለ ራሱ ቀበሌ የተጻፈ ንባብ በማይገኝበት ገጠር ይህ ቀላል ሀብት አይደለም።

መብራትና ኢንተርኔት በሌለበት ይህ እንዴት ይቻላል የሚል ጥያቄ መነሣቱ ተገቢ ነው። መልሱ በወረቀት መጀመር ነው። ሚኒ ሚዲያና የግድግዳ ጋዜጣ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የቆዩ ናቸው። 60 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል በየሳምንቱ 6 ልጆች አንድ አንድ ገጽ ቢጽፉ በ10 ሳምንት ሁሉም ተራ ይደርሳቸዋል። እያንዳንዱ ጽሑፍ ወደ መምህሩ ከመድረሱ በፊት ሁለት የክፍል ጓደኞች ቢያነቡትና አንድ አንድ ጥያቄ ቢጽፉበት የመምህሩ ሸክም ይቀንሳል። የታረመው በግድግዳ ይለጠፋል፤ በሰልፍ ሰዓት በሚኒ ሚዲያ ይነበባል፤ በመጨረሻም በቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል። ኢንተርኔት ሲመጣ ወይም አንድ መምህር በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ሲልከው ጽሑፉ ወደ ጦማር ይሸጋገራል።

ለአርሶ አደሩም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ለምሳሌ ተማሪዎች ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ ሜዳ ላይ አስቀምጠው በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት የተጠራቀመውን ዝናብ በማስመሪያ ቢለኩ፣ ውጤቱን ከነቀኑ ቢጽፉ፣ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ቀበሌው የራሱ የዝናብ መዝገብ ይኖረዋል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውኃ ማለት ነው። በመኾኑም 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ በሩብ ሄክታር ማሳ ላይ 25 ሺህ ሊትር ውኃ ያወርዳል። ይህ የሒሳብም፣ የሳይንስም፣ የድርሰትም ትምህርት ነው። በ2009 ዓ.ም ወደ ሀገር ውስጥ የገባው የአሜሪካ ተምች በበቆሎ ማሳ መቼ እንደታየ፣ አባቶችና እናቶች ዘርን ከነቀዝ እንዴት እንደሚጠብቁ፣ የገበያ ዋጋ ከሳምንት ሳምንት እንዴት እንደሚለዋወጥ ልጆች ቢጽፉ፣ ወላጅ የሚያነበው ወይም ሲነበብለት የሚያርመው ጽሑፍ ይኾናል። ፊደል ያልቆጠረ አባትም በዚህ ትምህርት ውስጥ ምስክርና መምህር ነው።

ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የልጆች ደኅንነት ነው። የልጅ ሙሉ ስም፣ ፎቶና የመኖሪያ ቦታ ለሁሉም ክፍት በኾነ ገጽ ላይ መውጣት የለበትም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህ የሕግ ጉዳይም ኾኗል። የወላጅ ፈቃድ መጠየቅ፣ አስተያየቶችም ሳይታዩ እንዳይወጡ ማድረግ ይገባል። ሁለተኛው መኮረጅ ነው። ከኢንተርኔት የተገለበጠ ወይም በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈ ድርሰት ልጁን አንዳች አያስተምረውም። ስለ ቀበሌው ምንጭና ስለ አያቱ ጎተራ የሚጻፍን ጽሑፍ ግን ከየትም መገልበጥ አይቻልም። ሦስተኛው የመምህሩ ጊዜ ነው። ተጨማሪ ሥራ ያለ ተጨማሪ ሰዓት ከተጫነበት ጅምሩ እንደ ብዙ ጅምሮች በአንድ ወሰነ ትምህርት ያበቃል።

የከተማና የገጠር ልዩነትም እየሰፋ ነው። በ2012 ዓ.ም በኮቪድ 19 ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የከተማ ተማሪዎች በቴሌግራም ማስታወሻ ሲላክላቸው አብዛኛው የገጠር ልጅ ያለ ትምህርት ቆይቷል። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። የገጠሩ ተማሪ የኮምፒውተር ቁልፎችን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነካው በፈተናው ዕለት ከኾነ ውድድሩ ሳይጀመር ተበልጧል።

በ«ትምህርት ለትውልድ» ንቅናቄ ሕዝቡ ለትምህርት ቤቶች ገንዘብና ጉልበት እያዋጣ ይገኛል። መዋጮው በአብዛኛው ለግድግዳ፣ ለጣሪያና ለወንበር ይውላል፤ ይህም ተገቢ ነው። በቀጣዩ የወላጆች ስብሰባ ግን ሁለት ጥያቄዎች ቢጨመሩ ወጪ አያስከትሉም። ቤተ መጻሕፍቱ በሳምንት ስንት ሰዓት ክፍት ነው? ልጆቻችን በዚህ ወር የጻፉትንስ የት እናንብበው?