ሰባ በመቶ የስንቱ?

የዓለም ጤና ድርጅት የእብድ ውሻ በሽታን ለመግታት ከውሾች 70 በመቶ ያህሉ መከተብ አለባቸው ይላል። መልካም! ነገር ግን በዓለም ገና 70 በመቶው የሚሰላው ከስንት ውሻ ነው? ጠቅላላው ሳይታወቅ የሚቀርብ የክትባት ሪፖርት ከሥራው ይልቅ የተሠራበትን መድኃኒት ብዛት ብቻ ይነግረናል።

ውሻ የቀበሌ መታወቂያ የለውም፤ ሆኖም የመቁጠሪያው ስልት አሮጌና ርካሽ ነው። በክትባቱ ዕለት 100 ውሾች ተከትበው በቀለም ምልክት ተደረገባቸው እንበል። በማግስቱ ማለዳ በየመንገዱ ከታዩት 80 ውሾች 40ዎቹ ብቻ ምልክት ካላቸው፣ ጠቅላላው ወደ 200 ይጠጋል፤ የተከተበውም ግማሹ ብቻ ነው። ማለዳ ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በየመንገዱ ከምናያቸው ውሾች ብዙዎቹ ባለቤት ያላቸው፣ ቀን ታስረው ሲመሽ የሚለቀቁ የግቢ ውሾች ናቸውና፣ በቀትር የሚቆጥር ሰው ያጎድላል።

«መርዝ ይሰጣቸው» የሚሉ ወገኖችን አልስማማቸውም። መርዙ የተከተበውንም ይገድላል፤ ባዶውን ስፍራ ደግሞ ያልተከተበ ውሻ ይይዘዋል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰውን ከሞት የማያስጥል በሽታ ነው፤ ከተጠቂዎቹም ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል። ውሻው ግን የአዲስ አበባን ወሰን ሲሻገር ደብዳቤ አያጽፍም። የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት እዚያው ሰበታ ነው ያለው። ታዲያ ሁለቱ አስተዳደሮች ሁለት ማለዳ፣ ጥቂት ቀለምና አንድ የጋራ መዝገብ ለመመደብ ምን ያህል ስብሰባ ይበቃቸዋል?